የአውፍና የዙ መነጽር

ፊደል ያውቃል መባል ምን ያህል መዘዝ እንዳለው የሚጠራጠር ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። እኔ የፈረንጅ ፊደል የለየሁት በቆዳ ላይ ነው። ብራና ማለቴ አይደለም፤ ጥሬ ቆዳ፣ ገና ዝንብ ያልተለየው፣ ከነጠረኑ። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ ቆዳ እየገዛ ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቆዳ አሳሪው ነበርሁ። ፊደል ተቀድዶ የወጣበት ቆርቆሮ ይሰጠኛል፤ ቆርቆሮውን እስሩ ላይ አጋድሜ ጥቁር ቀለም እለቀልቃለሁ፤ ሳነሣው ፊደሉ እዚያው ቀርቷል። አራት ዓመት ይህን ስሠራ የእያንዳንዱን ፊደል መልክና ድምፅ ከፈረንጁ አፍ ለቀምሁ። የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ቆዳዎቹም ጠይቀውኝ አያውቁም። ቀስ በቀስ «እሱ እኮ የፈረንጅ ጽሕፈት ያነባል» የሚል ወሬ በአገሩ ተወራ። ወሬውን መጀመሪያ ያወራሁት እኔ ነበርሁ።

ጣሊያን ሲገባ ፈረንጁ ቆዳውን ትቶ ሄደ፤ እኔም ቀለሙን ትቼ ጫካ ገባሁ። የገባሁት ከፊታውራሪ ጓንጉል ጋር ነው። ፊታውራሪ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዳምጡ ሽማግሌ ነበሩ። ስድሳ ያህል ሰው ይዘው ከይጁቤ ትይዩ ባለ አንድ ረጅም ኮረብታ ላይ ሰፍረዋል። ተኩሴ ለጠላትም ለወዳጅም እኩል የሚያሰጋ ሆኖ ስለተገኘ ጠመንጃዬን ለሌላ ሰው ሰጡና እኔን ደብዳቤ ጸሐፊና ማዶ ተመልካች አደረጉኝ። አልተቀየምሁም። ማዶ መመልከት ከልጅነቴም እወድ ነበር።

እንዲያውም ማዶው የእኔው ነበር። ቤቴ ከዚያ ኮረብታ ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ባሻገር ነው። ማለዳ ጉሙ ከሸለቆው ሲነሣ መጀመሪያ የዛፎች ጫፍ ይወጣል፤ ቀጥሎ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ ቤቴ ናት። ከነጥቧ ግርጌ ደግሞ የጣሊያን ሰፈር ድንኳን እንደ ተሰጣ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። በእሱ ምክንያት ባለቤቴን አንጓችን ካየኋት አምስት ወር አልፎኛል። ነጥቧን ግን በየቀኑ አያለሁ። ሰው ነጥብ ሊናፍቅ ይችላል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዝናብ በጣለ ቁጥር ነጥቧ ራሰች ብዬ የምጨነቅ ሰው ነበርሁ።

አንድ ቀን ከእኛ ሰዎች አንዱ፣ አበባው የሚባል ቁመተ ረጅም ጀግና፣ ከሉማሜ መንገድ ተመለሰ። አበባው ቀስ ብሎ ሲያወራ እንኳ ከሸለቆው ማዶ ይሰማል። መንገድ ላይ አድፍጦ አንድ የጣሊያን መኮንን ጥሎ ጠመንጃውን ይዞ ነበር የመጣው። የጠመንጃው ሰደፍ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ለተኩስ አይሆንም። በላዩ ግን ክንድ የማትሞላ ጥቁር የብረት ቱቦ ተቀምጣለች፤ ከፊትም ከኋላም መስታወት አላት። ባለመነጽር ጠመንጃ አለ ሲባል እንሰማ ነበር እንጂ አይተን አናውቅም። ከበን ቆመን ስናይ የአበባው እኅት ባል ይታየው ሰውን እየገፋ ገባ። ይታየው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሠርጉ ላይ እንኳ ሚዜው ነው የተናገረለት ይባላል። ቱቦዋን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠና ይህ የአባቴ መነጽር ነው አለ።

ታሪኩን በጥቂት ቃል ነገረን። በሰላሙ ዘመን አባቱ ከአንድ ጀርመን ነጋዴ ባለመነጽር ጠመንጃ ገዝተው ነበር። ጣሊያን ቤታቸውን ሲያቃጥል አባቱም ሞቱ፣ ጠመንጃውም ጠፋ። እንግዲህ ያ መኮንን ዘርፎት የነበረው የአባቱን ነገር ነው። አበባው ደግሞ እኔ ነፍሴን ለሞት ሰጥቼ ያመጣሁት ነው፣ ጣሊያን የያዘው ሁሉ የአባትህ ከሆነ መድፉንም ጠይቀው አለው።

በእኛ ሰፈር ሕጉ የታወቀ ነበር። ከጠላት የተማረከ ለማራኪው ነው፤ ከወገን ተዘርፎ የተመለሰ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል። ፊታውራሪ ጥቂት አስበው ነገሩን አቀለሉት። መነጽሯ የጣሊያን ሥራ ከሆነች የአበባው፣ የጀርመን ሥራ ከሆነች የይታየው ትሁን አሉ። ይህን ብለው ዞር ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። የስድሳው ሰው ዓይን ተከተላቸው።

«አንተ የፈረንጅ ፊደል ታነባለህ አይደል?» አሉኝ።

«እንደ ዳዊት ነው የማነበው፣ ጌታዬ» አልሁ። ዳዊትም ደግሜ አልጨረስሁም።

ከማንበቤ በፊት በመስታወቱ ልይ ብዬ ዓይኔን አስጠጋሁ። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ውርደቴ። የማዶው እርሻ ዘሎ አፍንጫዬ ሥር መጣ። መካከሉ ላይ ጫፉ የሾለ ጥቁር ካስማ ቀጥ ብሎ ተተክሏል፤ በግራና በቀኙም አግዳሚ ተጋድሞለታል። ጠላት እርሻው ውስጥ ካስማ ተክሏል ብዬ ተናገርሁ። የትኛው እርሻ ላይ ነው አሉኝ። ለማሳየት ዞር ስል ካስማው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ተተክሎ አገኘሁት። እዚያም ተክሏል አልሁ። ወደ ወንዙ ሳዞር ወንዙ ውስጥም አለ። መንገድ ሊቀይስ ነው፣ አገሩን በሙሉ በካስማ ሞልቶታል እያልሁ ስናገር ፊታውራሪ ሁለት ሰው ወደ ሸለቆው ሰደዱ። ሰዎቹ ከቀትር በኋላ እያለከለኩ ተመለሱና አንድም ካስማ የለም አሉ። እኔ በመነጽሯ አየሁና አሁንም ከእናንተ ኋላ ቆሟል አልኋቸው። በመጨረሻ ይታየው መነጽሯን ከእጄ ወሰደና ወደ ሰማይ አዞራት። ካስማው ሰማይ ላይም ተተክሎ ነበር። ምንም ሳይናገር መለሰልኝ። በመስታወቱ ላይ የተሣለ የማነጣጠሪያ ምልክት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከዚህ በኋላ ፊደሉን አላውቀውም ብል ኖሮ የሚበቃኝ ነበር። ግን የሰው ዓይን አለ። ቱቦዋን አገላብጬ አየሁ። በጀርባዋ ላይ አንድ ረጅም ጽሕፈት ተቀርጾ ነበር፤ ላብና ቆዳ በልቶት ጥቂት ፊደሎችና ቁጥር ብቻ ቀርተዋል። ቱቦዋ በተቀመጠችበት ብረት ላይ ግን አንዲት ትንሽ ማጠፊያ አለች፤ በወዲህ በኩል ሦስት ፊደል፣ በወዲያ በኩል ሁለት ፊደል ጥርት ብሎ ተቀርጿል። እነዚያን ፊደሎች አውቃቸዋለሁ። ስንት የበግ ቆዳ ላይ ለቅልቄያቸዋለሁ። ድምፃቸውን አንድ ባንድ አገጣጠምሁ። የመጀመሪያው አውፍ አለ፤ ሁለተኛው ዙ።

«የሠሪዎቹ ስም ነው» አልሁ፤ «ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ አውፍ፣ ታናሹ ዙ ይባላሉ።»

ሰዉ ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ታላቁ አውፍ መሆኑን በምን አወቅህ ሲለኝ ፊደሉ በአንድ ይበልጣል አልሁት። ይህም ተቀባይነት አገኘ። አውፍና ዙ የየት አገር ሰዎች ናቸው ሲባል ግን ቱቦዋን እንደገና አገላበጥሁ። አውፍ ሲሉት ጀርመን ይመስላል፤ ዙ ሲሉት ደግሞ ጣሊያን። ነገሩ ምርመራ ይፈልጋል፣ ቀን ይሰጠኝ ብዬ ለመንሁ። ፊታውራሪም ፈቀዱ፤ ፍርዱ እስኪሰጥ መነጽሯ ከሁለቱም እጅ ወጥታ እኔ ዘንድ ትቆይ አሉ።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ። መርምሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ማለዳ ከኮረብታው ጫፍ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ተኝቼ መነጽሯን ወደ ነጥቤ አዞርሁ። ጉሙ ገና አልለቀቀም፤ በመስታወቱ ውስጥ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። ቀስ እያለ ሳሳ። የቤቴ ክዳን ወጣ፤ ቀጥሎ በሩ፤ ከዚያ በሩ ተከፈተና አንጓች ወጣች። እጄን ብሰድድ ነጠላዋን የምይዘው መሰለኝ፤ ሰድጄም ነበር፤ የያዝሁት የወይራ ቅጠል ነው። በመነጽር ውስጥ ድምፅ የለም። ዶሮ አፉን ይከፍታል፣ አይጮኽም። ውሻችን ይዘላል፣ ኮቴው አይሰማም። አንጓች በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ፣ ልክ ወደ እኔ፣ ቀና ብላ አየችና ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ረጅም ነገር ተናገረች። ሲያልቅ እጇን ወደ ኮረብታው ዘርግታ አወናጨፈችና ገባች።

ልቤ ምን ያህል እንደተነካ አትጠይቁኝ። ያለሁበትን አውቃለች፣ ስሜን እየጠራች ነው አልሁ። በማግሥቱም ወጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። ከንፈሯን እያየሁ ቃሉን በራሴ እሞላው ነበር። ይህ ናፍቄሃለሁ ነው፤ ይህ እህሉን አስገብቻለሁ፤ ይህ ደግሞ ብርድ እንዳይመታህ። እኔም ከወይራው ሥር ሆኜ ቀስ ብዬ እመልስላታለሁ። ትዳራችን እንደዚያ ሰሞን ሰምሮ አያውቅም። ቀሪውን ቀን ጉሙ ሲመጣና ሲሄድ፣ ገብሱ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ እያየሁ እውላለሁ፤ ምሳ ሲጠሩኝ ከሩቅ አገር የመጣሁ ይመስለኛል። ፊታውራሪ ምርመራው ምን ደረሰ ሲሉኝ አውፍን እየጨረስሁ ነው፣ ዙ ይቀረኛል እላለሁ።

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል ሰፈሩ ተበላሸ። የአበባውና የይታየው ሰዎች ለየብቻ መብላት ጀመሩ። የይታየው ሚስት ከገጠር ስንቅ ስትልክ ለወንድሟ ነው ወይስ ለባሏ በሚል ስንቁ ሻገተ። አንድ ቀን ምንጭ ላይ ማን ይቅደም በሚል ነገር ተነሣና ሁለቱም ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ፊታውራሪ መካከላቸው ገብተው ቆሙ። የዚያን ዕለት አስጠሩኝ፤ አልተቆጡም፣ ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው ከሄዱ ይህን ኮረብታ የሚይዝ ሰው አይቀረኝም። ማርቆስ ሂድና የእነዚያን ወንድማማቾች አገር አጣርተህ በአራት ቀን ተመለስ።»

መነጽሯን ይዤ ማርቆስ ልገባ አልችልም፤ ኬላው ላይ ይሰቅሉኛል። በወረቀት ብቀዳውም ያው ነው። ስለዚህ ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ቁጭ አልሁና በዚያው ደብዳቤ በምጽፍበት ቀለም ምልክቱን በሙሉ ቀኝ ጭኔ ላይ ቀዳሁት። ከላይ በቱቦዋ ጀርባ የቀሩትን የስም ፊደሎች፣ ከሥሩ የቱቦዋን ቁጥር፣ የጠመንጃውን ቁጥር፣ ወደ ጉልበቴ ጠጋ አድርጌ ደግሞ አውፍና ዙን። በሕይወቴ የጻፍሁት ንጹሕ ጽሕፈት ይህ ብቻ ነው። ወንዙን ስሻገር ውኃው ጉልበቴ ጋ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ ማዶ ዳር አጠገብ እግሬ ከድንጋይ ሾለከና እስከ ብብቴ ጠለቅሁ። ከሰመጥሁበት ስወጣ ራሴን ሳይሆን ጭኔን ነው የዳሰስሁት።

ማርቆስ ላይ በቆዳው ጊዜ የማውቃቸው አንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ሙሴ አራም ይባላሉ። ሱቃቸው ውስጥ ከግድግዳው ሁሉ ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱም ከሌላው አይስማማም። ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ጉዳዬን በጆሯቸው ነገርኋቸውና ሱሪዬን ፈታሁ። ሙሴ ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ትንሽ መነጽር ሰክተው ጎንበስ አሉ። የጻፍሁት ተቀምጬ ለራሴ ዓይን ስለነበር ለሳቸው ተገልብጦ መጣባቸው። ከኋላዬ ዞረው በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው ማንበብ ጀመሩ። ልክ እንዲህ እንዳለን በሩ ተከፈተና አንድ የጣሊያን ወታደር ሰዓቱን በእጁ ይዞ ገባ።

ሦስታችንም ተያየን። ከሰዓቶቹ ሌላ የሚናገር አልነበረም። ሙሴ አራም ቀና አሉና በጣሊያንኛ በሐዘን ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወደ ጭኔ አመለከቱ፤ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ። ወታደሩ የተለቀለቀውን ቀለም፣ ሰማያዊና ጥቁር ሆኖ የተላላጠውን ቆዳዬን አየና ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደ። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ እንኳ አላስቀመጠም፤ ከደጃፍ ወረወረው። ምን አሉት ብላቸው፣ በዓይን የሚተላለፍ እከክ ነው አልሁት አሉኝ።

ከዚያ አውፍና ዙን አነበቡ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቀነቀ፤ ቀጥሎ እንባቸው ወረደ። ስቀው ሲጨርሱ፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይምና፣ «አንቺ፣ እነዚህ ወንድማማቾች አይደሉም» አሉኝ። «አውፍ ክፍት ነው። ዙ ዝግ ነው። ማጠፊያዋን ወዲህ ብታዞሪ መነጽሯ ትወልቃለች፤ ወዲያ ብታዞሪ ትጠብቃለች።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሳደግኋቸው ወንድማማቾች በአንድ ቃል ሞቱ። አውፍ ታላቁ፣ ጢሙን ያስረዘመው፤ ዙ ታናሹ፣ ቀጭኑ። ለሁለቱም የሚሠሩበትን ቤት፣ በመስኮቱ የሚታየውን የበረዶ ተራራ ሳይቀር በሐሳቤ ሠርቼላቸው ነበር። ሙሴ ማዘኔን ሲያዩ ወንበር ሰጡኝና ጀርመንኛ ነው እንጂ ቋንቋው አሉኝ። እንግዲያው የይታየው ናት ብዬ ተነሣሁ። ቁጭ በይ አሉኝ።

ነገሩ እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ጀርመንኛ የሚናገሩት ጀርመኖች ብቻ አይደሉም፤ ቪየና የሚባል ከተማ ያሉትም ይናገራሉ፣ እነሱም መነጽር ይሠራሉ። በፊተኛው ትልቅ ጦርነት ጣሊያንና የቪየና ሰዎች ተራራ ላይ ሲዋጉ አንዱ የሌላውን መነጽር ይማርክ ነበር። በውስጧ ምን ይታያል ብለው ጠየቁኝ። ስለ ካስማው በአፍረት ነገርኋቸው። መስቀል የሚሥል አለ፣ ካስማ የሚሥል አለ፤ ካስማው የጀርመንኛ ተናጋሪዎቹን ወገን ያሳያል እንጂ ማንነታቸውን አይለይም አሉ። የቱቦዋና የጠመንጃው ቁጥር እንደማይገጥምም አሳዩኝ። አብረው የተወለዱ ከሆነ ቁጥራቸው ይገጥማል፤ እነዚህ ግን በኋላ የተጋቡ ናቸው። መስታወቱን አንዱ ሠርቶታል፣ መቀመጫውን ሌላው፣ ጠመንጃውን ሦስተኛው፤ ያጋባቸው ደግሞ የማይታወቅ አራተኛ ሰው ነው። ቁርጡን የሚነግረን በቱቦዋ ጀርባ ያለው ስም ብቻ ነበር። እሱን የጻፍሁት ከላይ፣ እርጥቡ ሱሪ በሚፈትገው በጭኔ ሥር ነው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ፈለግነው። አንዲት ክብ ነገር ቀርታ ነበር፤ እሷም ጠባሳዬ ሆና ተገኘች።

የሠሪው ስም ወንዝ ውስጥ ቀርቷል። ውኃው ወደ ዓባይ ይዞት ሲወርድ፣ ፊደሎቹ አንድ ባንድ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ሲሄዱ እየታየኝ ከማርቆስ ወጣሁ። ተመልሼ ደግሜ እቀዳዋለሁ ብዬ ነበር።

በመመለሻዬ ይጁቤ ላይ ገበያ ዋለ። በሕዝቡ መካከል አልታወቅም ብዬ አቋርጬ ስሄድ ከእህል ተራ ጤፍ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት አየሁ። አንጓች ነበረች። ገበያው በባንዳ ተሞልቷል። ቀረብ ብዬ ከፊቷ ቁጢጥ አልሁ። አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም፤ እጇ ብቻ ጤፉ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ስንት ነው ጤፉ?» አልኋት።

«የምትገዛ ከሆነ ንካው፣ ሰውዬ» አለችኝ።

በአምስት ወር የመጀመሪያው ንግግራችን ይህ ነው። ጤፉን በእፍኜ እያነሣሁ እያፈሰስሁ፣ እሷም ጥራቱን የምታስረዳ መስላ በዝቅተኛ ድምፅ አወራን። ደህና ነኝ አለች። እህሉ ገብቷል፤ ጥጃዋ ሞታለች። ከዚያ አንድ የሚያስጨንቃት ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ከማዶ ኮረብታ ጫፍ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ነገር ያብለጨልጫል። ጣሊያን ወደ ላይ ወጥቶ ቤቴን በመነጽር የሚያይ መስሏት በየማለዳው በር ላይ ቆማ ትረግመዋለች።

«ምን እያልሽ?» አልኋት።

«ዓይንህ ይፍሰስ፣ ያየህበት ይድረቅ እያልሁ ነዋ።»

ሰሞኑን ቀኝ ዓይኔ ያለማቋረጥ ያነባ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ ነበር። አንጓች ግን ጭንቀቷ ይህ ብቻ አልነበረም። የሚያብለጨልጨውን የጣሊያኑ ሰፈር አለቃም አይቶታል፤ ለበቅሎዎቹ ጭድ ሊወስዱ የመጡት ባንዶች ትላንት መድፍ መድረሱንና ወደ ኮረብታው ሊተኩሱ መሆኑን ሲያወሩ ሰምታለች። ይህን ስትናገር ፊቴን አተኩራ አየች። መነጽሯ በቀኝ ዓይኔ ዙሪያ ክብ ምልክት አውጥታብኛለች። አንጓች ክቡን አየች፣ ወደ ኮረብታው አየች፣ እንደገና ክቡን አየች። ጤፉን ሰፍራ ነጠላዬ ላይ ገለበጠችልኝና፣ ሳልጠይቃት፣ በሁለት እጇ ሙሉ ምራቂ ጨመረችልኝ።

ከዚያ ወንዝ ስሻገር ምን ያህል እንደጠለቅሁ አላስታውስም። ኮረብታው ላይ ስደርስ አመሻሽ ሆኗል፤ ሰዉ ተሰብስቦ ፍርዱን ይጠብቃል፣ አበባውና ይታየው በግራና በቀኝ ቆመዋል። መጀመሪያ ራሴን ተናዘዝሁ። ፊደል እንጂ ቋንቋ አላውቅም፤ አውፍና ዙ ክፍትና ዝግ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ስመረምር የነበረው ቤቴን ነው አልሁ። የሚስቅ አልነበረም። ቀጥዬ ስለ ብልጭታውና ስለ መድፉ ነገርኋቸው። መነጽሯ የእኛን ቦታ ለአገሩ ሁሉ ስታሳይ እንደከረመች ገባቸው፤ የሠሪዋን ነገር የጠየቀኝ ግን የለም።

ፊታውራሪም እንግዲህ ይህን ነገር የሚወስደው ማን ነው ብለው ጠየቁ።

አበባው ጉሮሮውን ጠረገ። ሲያስበው መነጽሯ የይታየው አባት ንብረት መሆኗ አያጠራጥርም አለ። ይታየው፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ከሠርጉ ጀምሮ ያጠራቀመውን ቃል ሁሉ አወጣ። የአባቱ መነጽር ወፍራም እንደነበር፣ ቀለሙም እንደሚለይ፣ ይህች የአማቹ የጀግንነት ዋጋ መሆኗን፣ እሷን ከእሱ መንጠቅ ነውር መሆኑን ተናገረ። አበባው አይሆንም፣ የሙት አደራ አልበላም አለ። እርስ በርስ መነጽሯን ሲገፋፉ ማንም ሳያስታርቃቸው ታረቁ።

በዚያ ዘመን ሁሉ ፊታውራሪ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መነጽሯን ከወይራው ግንድ ጋር በጠፍር እሰሯት፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጉ አሉ። ሁለቱ አማቾች አብረው ሄደው አሰሯት። የሠሪዋን ስም ልቀዳ ብዬ ሮጬ ነበር፤ መሽቶ ጽሕፈቷ አልታይ አለኝ። በዳበሳ ጣቴን አሳለፍሁባት። ፊደሎቹ ከጣቴ ሥር አሉ፣ አይነበቡም።

ጎሕ ሳይቀድ ኮረብታውን ለቀን በስተጀርባ ወረድን። ፀሐይ ወጣች፣ መነጽሯም አብለጨለጨች፣ መድፉም ተነሣባት። ባዶውን ኮረብታ እስከ ረፋድ ደበደቡት። ከዚያ የጣሊያኑ ሰፈር በሙሉ ድል ያደረገ መስሎት መድፉን እየጎተተ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ፊታውራሪ ይህን ነበር የሚጠብቁት። በሸለቆው ዞረን የቀሩትን ጥቂት ጠባቂዎች አባረርንና ድንኳኑን አቃጠልን። አበባውና ይታየው ስንቅ የጫነች አንዲት በቅሎ አብረው ማረኩ፤ ልጓሟን አንዱ ከፊት፣ ጭራዋን ሌላው ከኋላ ይዘው ነው የመጡት። ጣሊያኖቹ እሳቱን ከላይ ሲያዩ መውረድ ፈሩ፤ እዚያው ባዶ ኮረብታ ላይ ምሽግ ቆፍረው ቀሩ። የእኔም ቤት ግርጌ ነጻ ሆነ።

ከቀትር በኋላ ቤቴ ገባሁ። ወደ ሩብ ቀን የሚጠጋ መንገድ እንደተራመድሁ እግሬ ያውቃል፤ ዓይኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው የነበረ ያህል መድረሱ አላስገረመውም። ውሻው ጮኸ፤ ድምፁ ወፍራም መሆኑን ረስቼው ነበር። በሩ ይንጫጫል፤ ዶሮዎቹ ይጨቃጨቃሉ። አንጓች ወጣችና ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ። በመነጽር ያላየሁት ብዙ ነገር ነበር። በጆሮ ግንዷ ላይ ነጭ ጠጉር ወጥቷል፤ አንዱ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ፤ ስታየኝ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

ውኃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝና ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ኮረብታውን ከነምሽጉ ሸፈነው። ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ፤ አጥሩን ወሰደ፣ ቀጥሎ የገብሱን ክምር፣ ቀጥሎ ውሻውን። አንጓች ምን ይታይሃል አለችኝ። ምንም አልኋት። ትከሻዋን ወደ ትከሻዬ አስጠጋችና ጉሙ እኛንም እስኪሸፍነን ድረስ እዚያው ተቀመጥን።